አልትራቫዮሌት ጨረርና የመተንፈሻ አየር፦ ከትምህርት ቤት ጣሪያ እስከ መኖሪያ ቤት የአየር ቧንቧ

በሰሜን አሜሪካ ብዙ መኖሪያ ቤቶች የሚሞቁትና የሚቀዘቅዙት በአንድ ማዕከላዊ መሣሪያ አማካይነት ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በምድር ቤት ወይም ከኮርኒስ በላይ ይቀመጥና የቤቱን አየር ስቦ፣ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ፣ በቆርቆሮ ቧንቧዎች ወደየክፍሉ መልሶ ይነፋል። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በዚህ ቧንቧ ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት እንዲገጠም የሚጋብዙ ነጋዴዎች በርክተዋል። ምክንያታቸው ለሰሚው ቀላል ነው፦ የቤቱ አየር ሁሉ በመብራቱ ፊት ካለፈ በውስጡ ያለው ተሕዋሲ ሁሉ ይሞታል፤ ቤተሰቡም ከጉንፋን፣ ከኢንፍሉዌንዛና ከአስም ያርፋል። ከአሳቡ በስተጀርባ ያለው ሳይንስ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዚህ ጨረር ታሪክ ሲመረመር፣ መብራቱ ተሕዋስያንን መግደሉ ብዙም አጠራጥሮ አያውቅም። ሲያከራክር የኖረው፣ መብራቱ የሚበራበት ቦታ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ መሆኑና አለመሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በ1877 ዳውንስና ብለንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ተሕዋስያን የሚራቡበት ፈሳሽ የያዙ የመስተዋት ቱቦዎችን ከፊሎቹን ለፀሐይ አጋልጠው፣ ከፊሎቹን ሸፍነው አቆዩ። የተሸፈኑት ሲደፈርሱ የተጋለጡት ጥርት እንዳሉ ሰነበቱ። ከብርሃኑ ቀለማት መካከል የሚበረታው ወደ ሐምራዊው ጫፍ ያለው መሆኑንም ተገነዘቡ። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋሲ ካገኘ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1890 በርሊን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች የፀሐይ ብርሃን ይህንኑ ተሕዋሲ እንደሚገድል ነገራቸው። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ደግሞ ሉፐስ ቩልጋሪስ የሚባለውን የቆዳ ነቀርሳ በተሰበሰበ ብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሜርኩሪ ትነት ያለበት የኳርትዝ መብራት ሲሠራ ይህ ብርሃን ከፀሐይ ተለይቶ በቤት ውስጥ ሊገኝ ቻለ። በ1930 ገደማም ፍሬደሪክ ጌትስ የተባለ ተመራማሪ ተሕዋስያንን በመግደል ከሁሉ የሚበረታው የጨረር ሞገድ በ265 ናኖሜትር አካባቢ መሆኑን በልኬት አረጋገጠ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት አብዛኛውን ጨረሩን የሚያወጣው በ254 ናኖሜትር ስለሆነ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ እንደሚታወቀው ጨረሩ የተሕዋሲውን ዲ.ኤን.ኤ. ወይም አር.ኤን.ኤ. በመጉዳት መራባቱን ይገታል።

እስከዚህ ድረስ ብርሃኑ የዋለው በተለይ ለውሃና ለቆዳ ነበር። አየርን ማጽዳት ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሐኪም በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር። አሜሪካዊው የጤና ጥበቃ ኃላፊ ቻርልስ ቼፒን በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተላላፊ በሽታዎች በአብዛኛው የሚተላለፉት በንክኪና ከቅርብ በሚረጭ ምራቅ መሆኑን አጥብቆ አስተምሯል። የቼፒን ትምህርት በሽታ ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ይመነጫል የሚለውን የጥንት እምነት ለማፍረስ የታለመ ነበር። እጅ መታጠብን በማስለመዱ ጠቅሟል፤ አየርን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ጨርሶ መሰረዙ ግን ለሚቀጥሉት ትውልዶች ዕዳ ሆኖ ቆየ።

ይህን ትምህርት የተፈታተነው ሐኪም ሳይሆን የጤና ምሕንድስና ባለሙያ ነው። ዊሊያም ፈርዝ ዌልስ ቀድሞ የሠራው ኦይስተር በሚባለው ለምግብ በሚውል የባሕር ዛጎል እርባታ ላይ ነበር። በኋላ በሃርቫርድ ሲያስተምር ከአየር ላይ ተሕዋስያንን አሽከርክሮ የሚይዝ መሣሪያ ሠራ፤ ባለቤቱ ሐኪሟ ሚልድረድ ዊክስ ዌልስም በምርምሩ ሁሉ ተባባሪው ነበረች። ዌልስ በ1934 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ የሚወጡት ነጠብጣቦች ሁለት ዕጣ እንዳላቸው አመለከተ። ትልልቆቹ ወዲያው መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ከመውደቃቸው በፊት ውሃቸው ይተንና፣ የቀረው ደረቅ አስኳል ተሕዋሲውን እንደያዘ በክፍሉ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይቆያል። በ1935 ደግሞ ከባልደረባው ከፌር ጋር በአየር ላይ የተበተኑ ባክቴሪያዎች በአልትራቫዮሌት ጨረር በፍጥነት እንደሚሞቱ አሳየ። በሽታ በአየር ላይ ከተንሳፈፈ፣ በአየር ላይ እንዳለ ሊገደልም ይችላል ማለት ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1936፣ ደሪል ሃርት የተባለው ቀዶ ሐኪም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መብራቱን ማብራት ጀመረ።

ዌልስ በ1937 ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሙከራውን ተያያዘው። መብራቶቹ የተሰቀሉት ከልጆቹ ራስ በላይ፣ ጨረራቸው ወደ ላይ እንዲያይ ሆነው ነው፤ ጨረሩ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና። የልጆቹ ትንፋሽ ሙቅ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ከጨረሩ ጋር ተገናኝቶ ይመለሳል። በ1941 በአካባቢው ኩፍኝ ሲነሣ፣ በሽታው ይዟቸው ከማያውቅ ልጆች መካከል መብራት በሌላቸው ክፍሎች 53.6 በመቶ ሲታመሙ፣ መብራት ባለባቸው ክፍሎች የታመሙት 13.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ኩፍኝን የሚያህል ተላላፊ በሽታ በክትባት ሳይሆን በጣሪያ ሥር በተሰቀለ መብራት እንዲህ ሲገታ የታየው ያኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውድቀት ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የገጠር ትምህርት ቤቶች ተደግሞ በ1947 የታተመው ሙከራ እንደ ፊላደልፊያው ያለ ውጤት አላሳየም። በእንግሊዝ አገር ሳውዝኦል ላይ የተደረገውና የዚያ አገር የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1954 ያወጣው ጥናትም የልጆቹ ሕመም ብዙም እንዳልቀነሰ ገለጸ። ምክንያቱ ሲመረመር ውስብስብ አልነበረም። በኒው ዮርኩ ሙከራ ልጆቹ ጧትና ማታ በአንድ አውቶቡስ ተጨናንቀው ይመላለሱ ነበር፤ አውቶቡሱ ደግሞ መብራት አልነበረውም። በዌልስ ትምህርት ቤቶች የነበሩት ልጆች ግን ከክፍላቸው ውጭ እርስ በርስ የሚገናኙበት አጋጣሚ ያነሰ ነበር። ጥናቶቹ የመዘኑት መብራቱን ሳይሆን የልጆቹን ውሎ ነው ማለት ይቻላል። የዘመኑ የጤና ባለሥልጣናት ግን ውጤቱን በሁለት መልክ አሳስተው ተረጎሙት፦ አንደኛ መብራቱ አይጠቅምም፤ ሁለተኛና ይበልጥ ጎጂው፣ በሽታም በአየር አይተላለፍም ተባለ። በአንድ አውቶቡስ ምክንያት ይህን ያህል ትልቅ ድምዳሜ ላይ መደረሱ ዛሬ ሲያዩት ያስገርማል።

ዌልስ ግን አልተወም። በ1955 ስለ አየር ወለድ ተላላፊነት ያዘጋጀውን መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ ከቀድሞ ተማሪው ከዶክተር ሪቻርድ ራይሊ ጋር በባልቲሞር በሚገኝ የጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታል የሕይወቱን የመጨረሻ ሙከራ አቀደ። ስድስት አልጋ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ተዘጋጀ። ከክፍሉ የሚወጣው አየር በሙሉ በቧንቧ ተስቦ ከጣሪያው በላይ ወደ ተሠራ ትልቅ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ቤት የሚኖሩት ጊኒ ፒጎች ናቸው። ጊኒ ፒግ ለሳንባ ነቀርሳ እጅግ ስሱ ስለሆነ እያንዳንዱ እንስሳ አየሩን የሚመረምር መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ156 እንስሳት 71ዱ ተያዙ። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር ከአየሩ በስተቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ከስሌቱ የተገኘውም ቁጥር አስደናቂ ነበር፦ አንድ እንስሳ ለመያዝ የሚያበቃው ተሕዋሲ በአማካይ የሚገኘው ከ300 ኪዩቢክ ሜትር በሚበልጥ አየር ውስጥ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ አስታማሚ ነርስ ወራት ሙሉ ሳትያዝ ቆይታ አንድ ቀን የምትያዝበት ምክንያት በዚህ ቁጥር ውስጥ ይታያል።

ተጠራጣሪዎች ግን አላረፉም፤ እንስሳቱ የተበከሉት በመኖ ወይም በውሃ ሊሆን ይችላል ሲሉ ተከራከሩ። ስለዚህ በሁለተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ የእንስሳት ቤት ገባ። መኖውና ውሃው፣ የአየሩም ምንጭ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወደ አንደኛው ቤት የሚሄደው አየር በቧንቧው ውስጥ በጠንካራ የአልትራቫዮሌት ጨረር ማለፉ ብቻ ነበር። በ1962 በታተመው ውጤት መሠረት ጨረር ያላለፈበትን አየር የተነፈሱት እንስሳት በተከታታይ ሲያዙ፣ ጨረር ያለፈበትን ከተነፈሱት አንድም አልተያዘም። እዚህ ላይ መብራቱ ማጽጃ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ሆኖ ነበር፤ አየሩን ለይቶ በመምታት ጥፋተኛው አየሩ መሆኑን አስመሰከረ። በዚሁ ጥናት አብዛኛውን ተላላፊነት ያመጡት ጥቂት ሕሙማን መሆናቸውና መድኃኒት የጀመረ ሕመምተኛ አስተላላፊነቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ ታወቀ። ዌልስ በ1963 አረፈ።

በመኖሪያ ቤት ቧንቧ ውስጥ ለሚገጠም መብራት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚገኝ አይመስልም፤ ሲያዩት የባልቲሞሩ ሙከራ ራሱ የቧንቧ መብራት ነውና። ነገር ግን በዚያ ሙከራ የዳነው ማን ነበር? የዳኑት በቧንቧው ማዶ የነበሩት፣ ከሕሙማኑ ክፍል የሚመጣውን አየር ከመብራቱ በኋላ ብቻ የሚተነፍሱት ጊኒ ፒጎች ናቸው። በስድስቱ አልጋዎች መካከል ይመላለስ የነበረውን ነርስ፣ ሐኪምና ጽዳት ሠራተኛ ያ መብራት በምንም አልጠበቃቸውም። እነርሱ የተነፈሱት ገና ወደ ቧንቧው ያልደረሰውን አየር ነው። አንድ እናት በኢንፍሉዌንዛ የታመመ ልጇን ታቅፋ ስታድርም የእርሷ ቦታ የነርሷ ቦታ ነው፤ የጊኒ ፒጉ አይደለም።

በሰው ላይ የመብራቱ ጥቅም ይበልጥ የታየው በክፍሉ ውስጥ፣ ከራስ በላይ ሲሰቀል ነው። በ1957 እና 1958 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር በሚገኝ የጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታል፣ እንዲህ ያለ መብራት በነበራቸው ክፍሎች ከተኙ 209 ሕሙማን 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲያዙ፣ መብራት በሌላቸው ክፍሎች ከነበሩት 396 ሕሙማን 19 በመቶ ያህሉ ተያዙ። ሆኖም ይህ ሁሉ ዕውቀት ባለቤት ባጣበት ጊዜ የመጣ ነበር። ከ1952 ጀምሮ አይሶናያዚድ የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና ለውጦታል፤ በ1963 የኩፍኝ ክትባት ወጣ። በ1964 የወጣ በአምስት ሆስፒታሎች የተደረገ የቀዶ ሕክምና ጥናት ደግሞ መብራቱ በአየር ላይ ያለውን ባክቴሪያ ቢቀንስም የቁስል መመርቀዝን በጥቅሉ እንዳልቀነሰ ገለጸ። የቁስሉ ተሕዋሲ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከሕመምተኛው ሰውነት ስለሆነ ውጤቱ የሚያስገርም አልነበረም። መብራቶቹ ከሆስፒታሎች ጣሪያ ወረዱ።

ቧንቧው ራሱ የበሽታ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ግን መርሳት አይገባም። በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ዘመናዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት በኩፍኝ የታመመች ልጅ በ14 የተለያዩ ክፍሎች የሚማሩ 28 ልጆችን አስያዘች። ከተማሪዎቹ 97 በመቶው የተከተቡ ነበሩ። ብዙዎቹ ከልጅቷ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም፤ ያገናኛቸው የትምህርት ቤቱ የአየር ማዘዋወሪያ ነበር፤ ያገለገለውን አየር መልሶ ለሁሉም ክፍሎች ያከፋፍል ነበርና። ራይሊና ባልደረቦቹ ይህን ወረርሽኝ በ1978 ሲተነትኑ የተጠቀሙበት ስሌት ዛሬ በመላው ዓለም የዌልስና የራይሊ ስሌት ተብሎ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የቧንቧ መብራት ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው።

የቧንቧ መብራት አሳብ አዲስ አይደለም። የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ሬንችለርና ናጊ በ1940 ጨረሩን በአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ውስጥ ማዋል ስላለው ጥቅም ጽፈው ነበር። በኋላ የተገኘው ጥቅም ግን እነርሱ ከጠበቁት ለየት ያለ ነው። የማቀዝቀዣው የብረት ጥቅልል ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሻጋታና ባክቴሪያ ይወርሱታል። ተንቀሳቃሽ አየር በመብራቱ ፊት የሚቆየው ለቅጽበት ቢሆንም፣ ጥቅልሉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ጨረሩን ሌትና ቀን ይቀበላል። በ2003 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ የሞንትሪያል ጥናት ይህንን በሚገባ አሳይቷል። በቢሮ ሕንፃዎች የአየር ሥርዓት ውስጥ የተገጠሙት መብራቶች ሠራተኞቹ ሳያውቁ በየተራ ይበሩና ይጠፉ ነበር። መብራቶቹ ሲበሩ በጥቅልሉና በአካባቢው የነበረው ተሕዋሲ 99 በመቶ ሲቀንስ፣ በ771 ሠራተኞች ዘንድ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዙ ሕመሞች በጥቅሉ ወደ 20 በመቶ፣ የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ደግሞ ወደ 40 በመቶ ያህል ቀነሱ።

ወደ መኖሪያ ቤቱ ሲመጣ ሒሳቡ ይጠብባል። በቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 3 ሜትር የሚጓዝ አየር አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን የበራ ቦታ በሲሶ ሰከንድ ያልፈዋል። ይህ ጊዜ ለደካማ ቫይረስ ሊበቃ ይችላል፤ ለሻጋታ ዘር ግን በተለመደው የቤት መብራት ኃይል አይበቃም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ባዘጋጀው ማብራሪያ፣ አብዛኞቹን የሻጋታና የባክቴሪያ ዘሮች ለመግደል የተለመደው የቤት መሣሪያ ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ጨረር እንደሚያስፈልግ ገልጿል። በዚያ ላይ የቤቱ መሣሪያ ሲያሞቅ ወይም ሲያቀዘቅዝ እንጂ ሁልጊዜ አይነፋም፤ ባልነፋበት ሰዓት መብራቱ የሚያጸዳው አየር የለም። የሻጋታ አለርጂ ባለባቸው አስም ያለባቸው ጥቂት ልጆች ቤት ውስጥ የተደረገና በ2006 የታተመ አነስተኛ ጥናት መጠነኛ መሻሻል ማሳየቱ እውነት ነው፤ ከሞንትሪያሉ ጋር ሲታይ ግን ተስፋው ያለው ጥቅልሉን ከሻጋታ በማንጻት በኩል ይመስላል። ገዢ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በ185 ናኖሜትር ጭምር ጨረር የሚያወጡ መብራቶች ኦዞን ያመነጫሉ፤ ኦዞን ደግሞ የአስም ሕመምተኛን ሳንባ ያስቆጣል። መብራቱም ሌት ተቀን ከበራ በዓመት ገደማ ጨረሩ ይደክማል፤ ሰማያዊው ብርሃን ግን ለዓይን እንደ ቀድሞው ስለሚታይ ባለቤቱ እየሠራ ያለ ይመስለዋል።

መብራቱን ወደ ሆስፒታል የመለሰችው የሳንባ ነቀርሳ ናት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሽታው ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ተያይዞ ሲያንሰራራና መድኃኒት የተላመደው ዓይነት በሆስፒታሎች ሲዛመት፣ የራይሊ ጊኒ ፒጎች እንደገና ታወሱ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የባልቲሞሩ ሙከራ ዓይነት ተደግሞ በ2009 ታተመ፤ በዚህኛው ግን መብራቱ የተሰቀለው በቧንቧው ሳይሆን በሕሙማኑ ክፍል ጣሪያ ሥር ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ከጊኒ ፒጎቹ 35 በመቶው ሲያዙ፣ ሲበራ የተያዙት 9.5 በመቶ ሆኑ። በደቡብ አፍሪካ ኢማላሌኒ በተባለች ከተማ የተደረገውና በ2015 የታተመው ጥናትም መብራቱ አየሩን ከሚያደባልቅ ማራገቢያ ጋር ሲሠራ መተላለፍን በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ መመሪያ ይህንኑ የጣሪያ ሥር መብራት በተወሰነ ሁኔታ እንዲሠራበት መከረ። ኮቪድ-19 ከመጣም በኋላ በሽታ በአየር ላይ ይንሳፈፋል ወይስ ይወድቃል የሚለው የዌልስና የቼፒን ክርክር በዓለም ፊት እንደገና ተነሥቷል።

በኢትዮጵያ መኖሪያ ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ የአየር ቧንቧ የተለመደ ባለመሆኑ፣ አየር የሚገባውና የሚወጣው በአብዛኛው በመስኮትና በበር ነው። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ሌላው የሊማ ጥናት ይበልጥ ይቀርበዋል። በ2007 የታተመው ይህ ጥናት በስምንት ሆስፒታሎች የአየር ቅያሪን ሲለካ፣ መስኮትና በር የተከፈተባቸው ክፍሎች አየራቸው በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ሲቀየር፣ ማሽን የሚያናፍሳቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮቶቻቸው ሰፋፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች ከሁሉ በልጠው ወደ 40 ደረሱ። መስኮቶቹ ሲዘጉ ግን ቁጥሩ ወደ 1.5 ወረደ። በደጋ አገር የሌሊት ብርድ ሕመምተኛውም አስታማሚውም መስኮት ሲዘጉ ክፍሉ የሚገኘው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው፤ ከራስ በላይ የሚሰቀለው መብራት የሚፈለገውም በተለይ ለእነዚህ ሰዓታት ነው።